ጣና ላይ የቱን ዘይት እንቅዳ? ከተራው የማዕድን ዘይት እስከ ኤሌክትሪክ የሚታዘዘው

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባሕር ዳር ጀልባዎቹ የሚነሱበት ዳር ቆሜ ነበር። አንድ ጀልባ ነጂ ሞተሩን ከውሃ አውጥቶ የታችኛውን ቡሎን ይፈታል። ከሥሩ አፉ የተቆረጠ የሃይላንድ ፕላስቲክ ደቅኗል። ቡሎኑ ወጣ፣ ዘይቱ ወረደ። ቡኒ አልነበረም። ማኪያቶ ይመስላል።

«ወተት ጠጥቶልሃል» አለኝ ሳቅ ብሎ።

ማርሽ ቤቱ ውስጥ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ውሃ በገባበት ቀዳዳ ደግሞ ዘይት ሲወጣ ከርሟል። ከጀልባው ኋላ፣ ደንገሉ ሥር፣ ቀስተ ደመና የመሰለ ስስ ቆዳ ውሃው ላይ ተዘርግቶ ነበር።

ፓምፕና የጀልባ ሞተር እንደምጠግን ያውቃል። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጠየቀኝ። «ወንድሜ፣ ሐይቁን የማይጎዳ ዘይት አለ ይላሉ። ሱቅ ያለው ደግሞ ሲንቴቲክ ውሰድ ይለኛል። ልጄ በበኩሉ ኤሌክትሪክ ሲነካው የሚጠነክር ዘይት ቴሌግራም ላይ አሳየኝ። የቱን ልግዛ?»

በቆምንበት ግማሹን ብቻ ነው የመለስኩለት። የቀረው ይኸው።

መጀመሪያ መለኪያው

ሱቅ ስትገቡ ቀድሞ የሚነገራችሁ ማርካው ነው፤ ቀጥሎ ዋጋው። ሁለቱንም ለጊዜው ተዉአቸው። እኔ አምስት ነገር እጠይቃለሁ። የመጀመሪያው ከቀሩት አራቱ ይከብዳል።

ይህ ዘይት መጨረሻው የት ነው? አንዳንድ ዘይት ተመላሽ ነው። የጄኔሬተር ወይም የወፍጮ ሞተር ዘይት ትቀዳላችሁ፣ ጊዜው ሲደርስ ታወርዳላችሁ፣ ወደ ጀሪካን ይመለሳል። አንዳንዱ ግን ሄዶ ይቀራል። ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ የሚቃጠለው፣ የፕሮፔለር ዘንግ ላይ የሚቀባው ግሪስ፣ በላላ የዘይት መከላከያ ጎማ የሚያንጠባጥበው የማርሽ ዘይት፣ እነዚህ አይመለሱም። በተፈጥሮ የሚበሰብስ ዘይት ለመግዛት የምታወጡት ተጨማሪ ብር ሥራ የሚሠራው እዚህ ነው። ተመላሹን በጥንቃቄ ሰብስባችሁ ከሆነ ተራው ይበቃችኋል።

ጣና ሰፊ ነው፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ። ጥልቅ ግን አይደለም። አማካይ ጥልቀቱ 8 ወይም 9 ሜትር ገደማ ነው። የፈሰሰ ዘይት ደግሞ ወደ መሀል አይሄድላችሁም። ነፋስ ወደ ዳር ይገፋዋል፤ ደንገሉና እምቦጩ ይይዘዋል። ቀረሶ የሚራባው እዚያው ጥልቀት የሌለው ዳር ላይ ነው። ከባሕር ዳር በኩል ደግሞ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣው በዚሁ ጫፍ ስለሆነ የኛ ዘይት ጎረቤትም ይደርሳል። ዩኔስኮ ሐይቁንና ዙሪያውን በ2015 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት መዝግቦታል። መዝገቡ ግን ያንን ቀስተ ደመና አይጠርገውም።

ሁለተኛው፣ ውሃ ሲገባበት ምን ይሆናል? ጀልባና ፓምፕ ላይ «ውሃ ቢገባ» አይባልም፤ መቼ ይገባል ነው ጥያቄው።

ሦስተኛው ሙቀትና ጊዜ ነው። ከውጭ የመጡ ማነጻጸሪያዎች ላይ አንድ የምትዘልሉት ነገር አለ። የአትክልት ዘይትን የሚነቅፉበት ዋናው ምክንያት በብርድ መርጋቱ ነው። ለስዊድን እውነት ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም ዘይት የሚያረጋ ብርድ የላትም። የኛ ችግር በተቃራኒው ነው፤ ፀሐይ ላይ የቆመ ሞተር፣ ወራት ሳይነካ የከረመ ዘይት።

አራተኛው፣ ኤሌክትሪክ በአጠገቡ ያልፋል ወይ? ድሮ ይህን የሚጠይቅ አልነበረም። አሁን የኤሌክትሪክ ባጃጅም በኢንቨርተር (የሞተር ፍጥነት በሚቆጣጠር የኤሌክትሪክ መሣሪያ) የሚሠራ ፓምፕም ስላለ ይጠየቃል።

አምስተኛው ዋጋ ነው። በሊትር አታስሉት። በሠራበት ሰዓት አስሉት።

ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ስታነቡ

«ባዮ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ከአትክልት የተሠራ ማለትና በተፈጥሮ የሚበሰብስ ማለት አንድ አይደሉም። «ሲንቴቲክ» ደግሞ ጭራሽ ስለ ሐይቅ አይደለም። ሲንቴቲክ ከሚባሉት ብዙዎቹ ፖሊ-አልፋ-ኦሊፊን ከሚባል ነገር የተሠሩ ናቸው፤ ሞተር ውስጥ ጎበዝ፣ ውሃ ላይ ግን ከድፍድፍ ነዳጅ እንደሚወጣው ማዕድን ዘይት ለመበስበስ ግትር።

የምትፈልጉት የፈተና ስም ነው። ኦኢሲዲ 301 የሚባል ፈተና አለ፤ በ28 ቀን ቢያንስ 60 በመቶው በተህዋስያን ከተበላ «በቀላሉ ይበሰብሳል» ይባላል። የአውሮፓ ኅብረት የአበባ ምልክት ወይም የጀርመኖቹ «ሰማያዊ መልአክ» ቆርቆሮው ላይ ካለ ጥሩ ነው። ፎርጅድ ምልክት ግን ሞልቷል፤ ሻጩን የምርቱን መረጃ ወረቀት ጠይቁት። «ኤች 1» የሚል ካያችሁ ደግሞ ትርጉሙ ሳይታሰብ ምግብ ቢነካ አያሰጋም ማለት ነው። ስለ መበስበሱ አይናገርም።

አንድ፦ ተራው የማዕድን ዘይት

ስለሱ ብዙ አልልም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በየሱቁ አለ፣ ዋጋው ይቀመሳል፣ መካኒኩም ለምዶታል። ሙቀት ይችላል። ሲከርም አይበላሽም። ድክመቱ ውሃ ላይ ነው። በ21 ቀን በሚደረገው የቆየው የአውሮፓ ፈተና የሚበሰብሰው ከ15 እስከ 35 በመቶው ነው። የሞተር ዘይት ውስጥ የሚጨመረው ዚንክ ያለበት መከላከያም ለውሃ ውስጥ ፍጥረት መርዝ ነው።

ተመላሽ ለሆነ ቦታ ያለ ሐሳብ ግዙት። ግን ያወረዳችሁትን ዘይት ለእንጨት ምስጥ መከላከያ፣ ለአጥር፣ ለአቧራ ማስተኛ እያሉ ዳር ላይ የሚያፈሱ ሰዎች አሉ። ያኔ ተመላሹ ሄዶ ቀረ።

ሁለት፦ የአትክልት ዘይት

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ አገራችን የዘይት እህል አገር ናትና።

ልጅ ሆኜ የእናቴ የስፌት መኪና ይጮህ ነበር። የማሽን ዘይት አልቋል። እኔ ጎበዙ ከጓዳ ኑግ ዘይት አምጥቼ በየቀዳዳው ጠብ አደረግሁ። ለሁለት ቀን እንደ ቅቤ ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት መዘውሩ አልዞር አለ። ዘይቱ ማስቲሽ ሆኗል። እናቴ ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም።

ምክንያቱ ቆይቶ ነው የገባኝ። የኑግ ዘይት አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ የሚባል ቅባት ነው። ይህ ቅባት ከአየር ጋር ቶሎ ይዋሃዳል፣ ይወፍራል፣ ይደርቃል። ስለዚህ ኑግ ለወጥ እንጂ ለማሽን አይሆንም። ሱፍም ያው ነው። ጎመን ዘር ይሻላል። ምጣድ የምናስስበት ጎመን ዘር ኤሩሲክ የሚባል ረጅም ቅባት አለው፤ በውጭ አገር የዚሁ ዘመድ የሆነ ዘይት ለመጋዝ ሰንሰለት ይውላል።

የሁሉም አለቃ ግን ጉሎ ነው። በየአጥሩ፣ በየቆሻሻ መጣያው ዳር የሚበቅለው ጉሎ። ከዘይቱ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ሪሲኖሌይክ አሲድ ነው፤ በዚያ ቅባት ላይ ያለችው አንዲት ተጨማሪ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ ከሌሎቹ ዘይቶች ትለየዋለች። ወፍራም ታደርገዋለች፤ ብረት ላይም ሙጭጭ እንዲል ታደርገዋለች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በብዙ አውሮፕላኖች ሞተር ውስጥ የሚቀዳው ይኸው የጉሎ ዘይት ነበር። ይህቺን ጥንድ አስታውሷት፤ ወደ ኤሌክትሪኩ ስንደርስ ትመለሳለች።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ጉሎ ከማዕድን ዘይት ጋር በደንብ አይዋሃድም፤ በላዩ ጨምሮ መሙላት አይሆንም። ሌላው ደግሞ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ፋጉሎ ሪሲን የሚባል አደገኛ መርዝ አለበት። ለከብት እንዳትሰጡ።

በፋብሪካ ተዘጋጅቶ መከላከያ የተጨመረበት የአትክልት ዘይት ከጓዳው ዘይት ፈጽሞ ሌላ ነው። በዚያው የ21 ቀን ፈተና ከ70 እስከ 100 በመቶ ይበሰብሳል። ቅባትነቱም ከማዕድን ዘይት ይበልጣል። ግን ውሃና ሙቀት አንድ ላይ ሲመጡበት ይሰነጠቅና አሲድ ይሆናል። ስለዚህ ለሚያልቅ ነገር፣ ለሰንሰለት፣ ለገመድ፣ ለክፍት ማርሽ፣ ተስማሚ ነው። ለዓመት ተዘግቶ ለሚቀመጥ ማርሽ ቤት አልመክረውም።

ሦስት፦ ሰው ሠራሽ ኤስተር

ኬሚስቶች የአትክልቱን ቅባት ወስደው ደካማውን ክፍል በጠንካራ ሲተኩት ይህ ይመጣል። ከ55 እስከ 100 በመቶ ይበሰብሳል፤ ሙቀት ይችላል፤ ሲከርም እንደ ኑግ አያሳፍርም። አሜሪካ በ2013 ባወጣችው የመርከቦች ፈቃድ፣ ርዝመታቸው 24 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ መርከቦች ዘይት ከውሃ በሚገናኝበት ቦታ ሁሉ ለአካባቢ የሚስማማ ዘይት እንዲጠቀሙ ስታዝ፣ ብዙዎቹ የሄዱት ወደዚህ ነው። የጣና ጀልባዎች ከዚያ በጣም ያነሱ ናቸው፤ ሕጉም የኛ አይደለም። ዘይቱ ግን ያው ነው።

ዋጋው ብዙ ጊዜ ከማዕድን ዘይት ሁለትና ሦስት እጥፍ ነው። ስትሰሙት ትደነግጣላችሁ። ግን የአንድ መካከለኛ የጀልባ ሞተር ማርሽ ቤት የሚይዘው ከአንድ ሊትር በታች ነው። ሦስት እጥፍ የሆነ ትንሽ ነገር ያው ትንሽ ነው። አንዳንድ የጎማ ዓይነት በኤስተር እንደሚያብጥ ግን እወቁ፤ መረጃ ወረቀቱ ላይ ይጻፋል።

አራት፦ ኤሌክትሪክ የሚታዘዘው

የጀልባ ነጂው ልጅ ያሳየው ቪዲዮ ውሸት አይደለም። ነገሩ እንዲያውም ሽማግሌ ነው። ኤዲሰን በ1870ዎቹ እርጥብ ኖራ ላይ የሚንሸራተት ብረት ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ሰበቃው እንደሚለወጥ አይቶ ስልክ ሠርቶበታል። ዘይት የማጠንከሩን ነገር ዊሊስ ዊንስሎ የሚባል አሜሪካዊ በ1947 የፈጠራ መብት አውጥቶበታል።

አሠራሩ ይህ ነው። ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ዘይት ውስጥ ደቃቅ ዱቄት ይበተናል። ኤሌክትሪክ መስክ ሲመጣ እያንዳንዷ ቅንጣት በአንድ ጎኗ አዎንታዊ፣ በሌላው አሉታዊ ትሆናለች። ከዚያ የአንዷ አዎንታዊ ጫፍ የሌላዋን አሉታዊ ጫፍ ይስባል፤ እንደ ሰንሰለት ይያያዛሉ። የጥምቀት ዕለት ወጣቶች ክንድ ለክንድ ተያይዘው መንገዱን ሲዘጉ አስቡ፤ አንድ በአንድ ሲሄዱ ታልፏቸዋላችሁ፣ ሲያያዙ ግን ማለፊያ የለም። ዘይቱም እንደዚያ ይጠነክራል። መስኩ ሲጠፋ እጃቸውን ይለቃሉ፤ ዘይቱ ዘይት ይሆናል። ይህ ሁሉ በሺህኛ ሰከንዶች ውስጥ ነው።

ቤታችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። የበቆሎ ስታርች ከምግብ ዘይት ጋር ቀጭን እርጎ እስኪመስል በጥብጡ። ፊኛ ንፉና ፀጉራችሁ ላይ እሹት። ስታርቹን ከማንኪያ በቀጭኑ እያፈሰሳችሁ ፊኛውን አስጠጉት፤ አታስነኩት። የሚወርደው ክር ወደ ፊኛው ይጎብጣል፤ ጫፉ ላይ ያለው ጠብታ መውደቁን ትቶ ይንጠለጠላል። በጥር ሞክሩት። በሐምሌ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ፊኛው አይሞላላችሁም።

ታዲያ «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚለው ከየት መጣ? የቆዩት እንዲህ ያሉ ፈሳሾች አብዛኞቹ በሲሊኮን ዘይት የተሠሩ ናቸው። ሲሊኮን አይበሰብስም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሌላ መሠረት ፈለጉ። በስፔን የሁኤልቫ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያገኙት የጉሎ ዘይት ነው። በውስጡ እንደ ቤንቶናይት ያለ የሸክላ አፈር እጅግ አድቅቀው ይበትኑበታል። ያቺ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ እዚህ ትሠራለች፤ ጉሎን ከሌሎች ዘይቶች ይልቅ ለኤሌክትሪክ ስሜት ያለው አድርጋዋለች፤ ሸክላውንም ይዛ ታቆየዋለች። ቮልቴጅ ሲጨመር ውፍረቱ ይጨምራል፤ ሰበቃውና የብረቱ መበላትም ይለወጣል። ጉሎ በአጥራችን፣ ቤንቶናይት በአፋር። ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነስቼ ነበር።

ሁለተኛው መንገድ አዮናዊ ፈሳሽ ይባላል፤ በቤት ሙቀት ቀልጦ የሚኖር ጨው ማለት ነው። ዱቄት አያስፈልገውም። በ2012 በወርቅ ገጽ ላይ፣ በጣም በጥቃቅኑ ደረጃ፣ ሰበቃን በቮልቴጅ ከፍና ዝቅ ማድረግ እንደሚቻል ታይቷል። ግን «አረንጓዴ» ሲሉት ተጠንቀቁ። አይተንም ማለት አይጎዳም ማለት አይደለም። አንዳንዶቹ ለውሃ ፍጥረት መርዝ ናቸው፤ ፍሎሪን ያለባቸው ከውሃ ሲገናኙ ብረት የሚበላ አሲድ ያወጣሉ። ለሐይቅ ዳር አላስበውም።

አሁን ወደ መሬት እንውረድ። ይህን ዘይት ዛሬ ጀልባ ላይ ብትቀዱት ምን ይሆናል?

ቮልቴጁን እንይ። ዘይቱ እንዲጠነክር በአንድ ሚሊ ሜትር ክፍተት ከ1,000 እስከ 5,000 ቮልት ይፈልጋል። የግድግዳችን ሶኬት 220 ነው። ግን አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ኩሽኔታ ውስጥ ያለው የዘይት ንጣፍ እጅግ ስስ ነው። አንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር ውፍረት ላይ 30 ቮልት ብቻ ብታስገቡ በሚሊ ሜትር ሲሰላ 3,000 ቮልት ይመጣል። ስለዚህ ቮልቴጁ መፍትሔ አለው። ከባዱ ችግር ሌላ ነው፦ ብረት ከብረት ከተነካካ መስኩ በቅጽበት ይጠፋል።

ዱቄቱም ሲቆም ይዘቅጣል። ክረምቱን ሙሉ የቆመ ጀልባ ውስጥ ታች ሸክላ፣ ላይ ዘይት ታገኛላችሁ። ይህንን መቀነስ እንጂ ማጥፋት ከባድ ነው።

ከሁሉ የከፋው ውሃው ነው። ያ ማኪያቶ የመሰለው ዘይት ትዝ ይበላችሁ። ውሃ ሲገባ ፈሳሹ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ መስኩ ይፈሳል፤ ሰንሰለቱ አይያያዝም። የጀልባ ማርሽ ቤት ለዚህ ዘይት ከምድር ሁሉ የከፋ ቤት ነው ማለት ይቻላል። የሚያምርበት ደረቅና የታሸገ ቦታ ነው፤ ንዝረት መቀበያ፣ ክላች፣ ፍሬን፣ ትናንሽ ቫልቭ። ፋብሪካ ውስጥ ያለ ሮቦት መገጣጠሚያ ላይ ሳየው አልደነቅም።

በመሀል፦ ሦስቱ «የኤሌክትሪክ ግሪሶች»

ባለፈው አንድ ሱቅ «የኤሌክትሪክ ግሪስ» ብሎ የሸጠኝ ነገር ለገመድ ጫፍ የሚቀባ ሆኖ ተገኘ። ኩሽኔታ ላይ ቀብቼው ቢሆን ወር አይቆይም ነበር። ስሙ አንድ፣ ነገሩ ሦስት ነው።

የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ የሲሊኮን ቅባት ነው። ሶኬትና የገመድ መጋጠሚያ ውሃ እንዳይገባበት ይቀባል። ለብረት መሽከርከሪያ አይደለም።

ሁለተኛው ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ግሪስ ነው። በኢንቨርተር የሚዞር ሞተር ዘንጉ ላይ ቮልቴጅ ይጠራቀማል። ንጣፉ ስስ ስለሆነ ትንሽ ቮልት ይበሳዋል፤ ብልጭታ ይዘላል። ከጊዜ በኋላ የኩሽኔታው መንገድ እንደ ልብስ ማጠቢያ ሰሌዳ ይሰነተራል፤ ሞተሩ ይጮሃል። ይህ ግሪስ ኤሌክትሪኩ ሳይፈነዳ ቀስ ብሎ እንዲያልፍ ያደርጋል። የሴራሚክ ኳስ ያለው ኩሽኔታ ወይም ዘንጉን ከመሬት የሚያገናኝ ብሩሽ ግን የበለጠ አስተማማኝ ነው።

ሦስተኛው ከላይ ያወራነው በመስክ የሚታዘዘው ነው። ሱቅ መደርደሪያ ላይ «አለኝ» የሚላችሁ ካለ ከሁለቱ አንዱን ነው የሚሸጥላችሁ።

በአንድ ሰሌዳ

| መለኪያ | ማዕድን ዘይት | የተዘጋጀ የአትክልት ዘይት | ሰው ሠራሽ ኤስተር | ጉሎና ሸክላ (በመስክ የሚታዘዝ) |
|---|---|---|---|---|
| በ21 ቀን የሚበሰብሰው | 15–35% | 70–100% | 55–100% | መሠረቱ የአትክልት ዘይት ነው፤ ሸክላው ማዕድን ሆኖ ይቀራል |
| ውሃ ሲገባበት | ይታገሣል፣ ግን ይነጣል | ይሰነጠቃል፣ አሲድ ይሆናል | መካከለኛ | መታዘዙን ያቆማል |
| ሙቀትና መክረም | ጥሩ | ደካማ | በጣም ጥሩ | ይዘቅጣል |
| የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ | የለም | የለም | የለም | የተለየ የቮልቴጅ ምንጭ |
| ዋጋ | ዝቅተኛ | ከፍ ያለ | ሁለትና ሦስት እጥፍ | የገበያ ዋጋ የለውም |
| ዛሬ ማግኘት | በየሱቁ | በትእዛዝ | ፈልጎ ወይም አስመጥቶ | ላቦራቶሪ ውስጥ |

እንግዲህ ለማን የቱ?

ባለ ሁለት ምት የጀልባ ሞተር ያላችሁ፣ የመጀመሪያው ብራችሁ እዚህ ይዋል። በአንድ ለሃምሳ ድብልቅ 50 ሊትር ቤንዚን ሲያልቅ አንድ ሊትር ዘይትም አብሮ አልቋል። ጭሱ የሚወጣው ውሃ ውስጥ ነው፤ ካርቡራተር ባለው ሞተር ደግሞ እስከ ሩብ የሚደርስ ነዳጅ ሳይቃጠል ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ በተፈጥሮ የሚበሰብስ፣ «ቲሲ-ደብልዩ 3» የሚል ማረጋገጫ ያለው ዘይት ፈልጉ። ብር ካጠረ ያው ማረጋገጫ ያለውን ተራውን ግዙ፤ ድብልቁን ግን በዓይን ግምት ሳይሆን በመለኪያ አድርጉ። «ትንሽ ጨምርበት፣ ሞተሩ ይወደዋል» የሚለውን አትስሙ፤ የጨመራችሁት ሐይቁ ውስጥ ነው የሚገባው። የሞተር ሳይክል ዘይትም አትቅዱበት፤ ብዙዎቹ አመድ ስላላቸው ካንዴላውን ያበላሹታል። አቅም ያለው ሰው ባለ አራት ምት ሞተር ቢገዛ ከዘይት ምርጫ ሁሉ የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

ለማርሽ ቤቱ ኤስተር ምርጫዬ ነው፤ የሞተሩ መመሪያ የሚጠይቀውን ደረጃ ካሟላ። የቀደመውን ሙሉ በሙሉ አውርዱ፤ አትደባልቁ።

ለዘንግና ለውጭ ማጠፊያ ውሃ የማያጥበው የካልሲየም ግሪስ ይሻላል፤ በሚበሰብስ መሠረት የተሠራ ከተገኘ እሰየው።

ፎገራ ላይ ሩዝ የምታጠጡበት የናፍጣ ወይም የቤንዚን ፓምፕ ተራ ዘይት ይበቃዋል። ዘይት ስትቀይሩ ግን ቦዩ ዳር አይሁን። ፓምፑን ወደ ቤት አምጡት። ከተቻለም ከሥሩ የቆርቆሮ ሳህን አድርጉለት፤ ይህ ከማንኛውም ባዮ ዘይት ርካሽ ነው። የመጠጥ ውሃ የሚስብ ጠላቂ ፓምፕ ዘይት ካለው «ኤች 1» ይሁን።

በኢንቨርተር የሚሠራ ባለ 380 ቮልት ፓምፕ ያለው ማኅበር ስለ ዘይት ከመጨነቁ በፊት የሞተሩን መሬት መስመር ያስፈትሽ። ኩሽኔታ ሲቀየር የተሰነተረ መስመር ካያችሁ ያኔ ስለ ብሩሽና ስለ ሴራሚክ አውሩ።

የኤሌክትሪክ ባጃጅ ያላችሁ ብዙም አትጨነቁ። ቮልቴጁ ዝቅተኛ ነው፤ ኩሽኔታው አብዛኛውን ጊዜ ታሽጎ የመጣ ነው። የሚቀየር ዘይት ካለው የኋላ ማርሹ ውስጥ ያለችው ትንሿ ናት። መመሪያው ያዘዘውን ቅዱ። «ለኤሌክትሪክ የተለየ» ተብሎ እጥፍ ዋጋ ሲጠራባችሁ ምኑ እንደተለየ ጠይቁ።

የፖሊቴክኒክ ተማሪ ከሆናችሁ ግን በአራተኛው ተጫወቱ። እኔ ከመፍትሔ በፊት ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የኛው የአጥር ጉሎ፣ የኛው ቤንቶናይት ያው ጠባይ አለው ወይ? ጨረታ የለው፣ ማርካ የለው፣ የሚያስቸግረው ጥሩ የቮልቴጅ ምንጭና ትዕግሥት ብቻ ነው።

ወደዚያ ጀልባ ስመለስ

ለጀልባ ነጂው ያን ዕለት ያልኩት አጭር ነበር። ምንም ዘይት ከመግዛትህ በፊት የፕሮፔለር ዘንጉ ላይ ያለውን የዘይት መከላከያ ጎማና የሁለቱን ቡሎኖች ማሸጊያ ቀለበት ቀይር። ቀለበቶቹን አምጥቶ አሳየኝ። ተጨፍልቀው ወረቀት መስለዋል። ስንት ዓመት እንደቆዩ ጠየቅሁት። «ሞተሩ ሲገዛ የመጡ ናቸው» አለ።

ጎማውን ቀየርን። ዘይቱን ከታችኛው ቀዳዳ ሞላነው፤ ላይኛው ክፍት ሆኖ። ከላይ ከቀዱት አየር ይታፈንና የሞላ ይመስላችኋል። ዘይቱ ከላይኛው ቀዳዳ ብቅ ሲል መጀመሪያ የላዩን ቡሎን፣ ቀጥሎ የታቹን አጠበቅን። ለዚህ ኤስተሩን መረጠ፤ ግማሽ ሊትር ብቻ ስለፈጀ ዋጋው አላስከፋውም። ለድብልቁ ግን የሚበሰብሰውን ፈልጎ አጣ፤ ተራውን ገዛ።

በሦስተኛው ሳምንት ደወለልኝ። ቡሎኑን ፈትቶ አይቷል፤ ዘይቱ እንደገባ ነው። ሄጄ ሳየው ልጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሻይ ብርጭቆ ውስጥ ስታርች ይበጠብጣል። ሁለት ፊኛ ፈንድቶበታል። ሦስተኛውን ፀጉሩ ላይ አሽቶ አስጠጋው። ከማንኪያው ጫፍ የተንጠለጠለችው ጠብታ ወደ ፊኛው ዘንበል አለችና ቆመች። አባትየው ማንኪያውን ተቀብሎ ራሱ ሞከረው።